የመመለሻው ቃል

ጥቅምት 4

ለተወደድሽውና ለተከበርሽው እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የዚህ ቤት ራስና ጥላ በሆኑት በእናታችን ስም ሰላምታ አቀርባለሁ። በመቀጠል፣ ዕድሜ ምላሳቸውን ያላደነዘዘባቸው አክስታችን «እኔንም አስገባኝ፤ ከእህቴ ቀጥሎ ይሁን እንጂ ከአንተ በታች እንዳታወርደኝ» ስላሉኝ፣ ሰላምታቸውን በሚገባቸው ማዕረግ አስፍሬአለሁ። ከሁለቱ ዝቅ ብዬ እኔ ወንድምሽ፣ የብዙዎችን እግር መልሳ ያቆመችውን ባለሙያ እህቴን እንደምን ሰነበትሽ እላለሁ።

በስልክ ከመነጋገር ብንጻጻፍ ይሻላል ማለትሽ ትክክል ነበር። በስልክ አንቺም እኔም የሌላውን ሐሳብ ሳናስጨርስ እንዘጋለን፤ ወረቀት ግን ትዕግሥት አለው።

እውነቱን ሳትሸፍን ንገረኝ ብለሻል። ሐኪሙ የእናታችን ልብ ደክሟል አለ። ተደግፈው ከአልጋቸው እስከ መስኮቱ ይሄዳሉ፤ ከዚያ አያልፉም። የሚመጣውን ክረምት ያዩ እንደሆነ ጠየቅሁት። ብዕሩን ኪሱ ከትቶ «አብረዋቸው ይሁኑ» አለኝ። ሐኪም ለጥያቄ መልስ በመስጠት ፈንታ ምክር ሲሰጥ ምን ማለት እንደሆነ፣ ሆስፒታል ውስጥ የምትውዪው አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ።

እናታችን አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋሉ። በሚሸኙበት ቀን፣ አባታችን ዕድሜ ልካቸውን ባገለገሉበት የጸሎት ቤት ቆመሽ የስንብቱን ቃል አንቺ እንድትናገሪላቸው። እኔ ልናገር ብዬ ነበር። «አንተ ጥሩ ትናገራለህ፤ እሷ ግን ታውቀኛለች» አሉኝ። በዘመኔ ብዙ ንግግር አድርጌ ብዙ ተተችቻለሁ፤ እንዲህ አጥንት የሚነካ ትችት ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

እንቅፋቱን ታውቂዋለሽ። እንደ አንቺ ከማኅበሩ የወጣ ሰው በዚያ ወለል ላይ ከመቆሙ በፊት በጉባኤው ፊት የመመለሻውን ቃል ማለት አለበት፤ «ጠፍቼ ነበር። እኔ ከንቱ ነኝ። ተቀበሉኝ።» ይኸው ነው፤ አንድ ትንፋሽ አይሞላም። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ እኔ ብሆንም ሥርዓቱን የመለወጥ ሥልጣን የለኝም። ስለዚህ እንደ ሰብሳቢ ሳይሆን እንደ ወንድም እለምንሻለሁ። ለእናትሽ ስትይ በይው።

ከአክብሮት ጋር፣
ወንድምሽ


ጥቅምት 17

ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ደብዳቤህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቼ ልቆም ምንም አልቀረኝም። የከተማው ምክር ቤት አፈ ጉባኤነት በጡረታም አልለቀቀህም፤ ሰላምታህ ስብሰባ ይከፍታል። ለአክስታችን ንገራት፤ ከአንተ በላይ መቀመጧን እኔም በሙሉ ድምፅ ደግፌአለሁ።

ፎቶግራፌን አይተህ በስልክ ስለ ክብደቴ የጠየቅከኝን እዚህ ላይ እንተወው። ፎቶግራፍ ሰውን ያከሳል። እበላለሁ፤ እተኛለሁ።

ስለ እማዬ የጻፍከውን ያነበብኩት እዚሁ ሥራ ቦታ፣ ጀሶ የነካውን እጄን በሽርጤ ጠርጌ ነው። መጨረሻው ላይ ስደርስ ጣቶቼ ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆነው ታትመው አገኘኋቸው። እመጣለሁ። መምጣቴ አያጠራጥርም። የሚያጠራጥረው ከመጣሁ በኋላ የት እንደምቆም ነው።

ቃሉን ደጋግሜ አየሁት። «ጠፍቼ ነበር» እላለሁ፤ ማን ያልጠፋ አለ? «ተቀበሉኝ» ደግሞ በደስታ እላለሁ፤ መቀበልን የማይሻ ሰው እስካሁን አላየሁም። መካከለኛውን ግን አልልም። እልኸኛ ናት እንዳትለኝ ምክንያቴን ልንገርህ።

በእኛ ክፍል አንድ ልማድ አለ። መጽሐፍ ላይ የለም፤ ከእኔ በፊት የነበረችው ኃላፊ የጀመረችው ነው። አዲሱን ሰው ሠራሽ እግር ከማሰራችን በፊት፣ ባለቤቱ ከተቆረጠው እግሩ በቀረው ላይ መዳፉን አሳርፎ «ደኅና አደርክ» ይለዋል። የማያይ፣ የማይነካ፣ የሚያፍርበት ሰው እግሩን ማዘዝ አይችልም፤ ይወድቃል። በቅርቡ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር መጣልን።

«ደኅና አደርክ በለው» አልኩት።

«ማንን?»

«እግርህን።»

«ይሄ እኮ ግማሹ የለም! የቀረው ቢመልስልኝስ ምን ልል ነው?»

«‹አንተስ እንዴት አደርክ› ትለዋለህ።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ተይኝ እባክሽ። እኔ ከእንግዲህ ከንቱ ነኝ» አለኝ። ደብዳቤህን ባነበብኩ ማግስት ነው፣ ጋሼ። ይህችን ቃል ከሰው አፍ ለማውጣት ጠዋት ማታ እየደከምኩ፣ ባሕር ተሻግሬ መጥቼ በገዛ አፌ ልጉረሳት?

በስልክ «ማመን ትተሻል ወይ» ላልከው፣ አልተውኩም። የጀሶ ፋሻ እግር ላይ ሲጠቀለል መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፤ ሊደርቅ ሲል ከውስጡ ይሞቃል። ያን ጊዜ በሁለት እጅ ይዞ ሳያንቀሳቅሱ መጠበቅ ነው። የእኔም የሰውየውም ትንፋሽ ዝም ይላል። አንድ ሰው ሌላውን ሳይፈርድበት የሚይዝበት ሰዓት ነው። ከአባባ ጋር ተንበርክኬ ካሳለፍኳቸው ሰዓታት ይልቅ እዚያ ላይ ፈጣሪ ቅርቤ ይመስለኛል። ይህን ለሽማግሌዎቹ ብነግራቸው ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። አንተ ምን እንደምትል ግን አላውቅም።

የእማዬን ግንባር ሳምልኝ።

እህትህ


ጥቅምት 29

ለተከበርሽው እህቴ፣

እናታችን ሰላም ብለውሻል፤ አክስታችን ደግሞ ድጋፍሽን በታላቅ እርካታ ተቀብለው፣ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከእኔ በፊት ሾርባ እየቀረበላቸው ነው።

ሐሳብሽን በጥሞና አየሁት። የዘመኔ ሥራ የተለያዩ ሐሳቦችን ማቀራረብ ነበርና አሁንም ማሻሻያ ለማቅረብ ሞከርሁ። አንደኛው፣ መካከለኛውን ቃል ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ እንድትዪው ነው። ሁለተኛው፣ ሌላ ሰው አንብቦልሽ አንቺ ራስሽን እንድትነቀንቂ። ሦስተኛው፣ ጉባኤው በሙሉ ተነሥቶ «ሁላችንም ከንቱዎች ነን» እንዲልና አንቺም በመካከላችን እንድትቆሚ። ሦስተኛውን አክስታችን ሰምተው፣ «እኔን ግን አትቁጠረኝ» አሉ።

ስለ ሦስቱም ምክትሌን አማከርኳቸው። ታስታውሺያቸዋለሽ፣ ፋርማሲስቱ፤ ልጆች ሳለን ለሳል የሚሰጡንን ሽሮፕ ራሳቸው ቀምሰው የሚያሳዩን። አንዱንም አልተቀበሉም። «ቃሉ መድኃኒት ነው። ስለመረረ ግማሹ አይዋጥም» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም፤ ያሉትን ያምኑበታል። ከሚያምን ሰው ጋር መደራደር ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል።

በመካከል የላክሽው ካርድ ደርሶኛል። ጥያቄሽ አጭር ነው፤ መልሱ ግን ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሦስት ጊዜ ተቀደደ። እኔ ሰብሳቢ ነኝ፣ እህት ዓለም። በምክር ቤትም በጸሎት ቤትም ሥራዬ ለሌሎች የመናገሪያ ተራ መስጠት ነው። ድምፅ እኩል ሲከፈል ብቻ የእኔ ይቆጠራል፤ ያን ጊዜም ደንቤ አንድ ነው፤ ነገሩን ባለበት መተው። አንድ ሰው ብቻውን የብዙዎችን ቤት ማፍረስ የለበትም ብዬ ነው። በዚህ ተመስግኛለሁ፤ ሌሎች ሰብሳቢዎችም ተከትለውኛል። «አንተ ራስህ ምን ታምናለህ» ብሎ ከአንቺ በፊት የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ መልስ አላዘጋጀሁም።

እናታችን ደብዳቤሽ መምጣቱን ሰምተው «ምን አለች?» አሉኝ። «ሰላምታ ብቻ» አልኳቸው። «እሷ ለሰላምታ ብቻ ይህን ያህል ገጽ አታባክንም» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለሥራ ወደ አንቺ ከተማ የሄደ የማኅበራችን አባል «እህትህን በሆስፒታሉ ኮሪደር አይቻት ነበር» ብሎ ነገረኝ። የሐኪም ልብስ አልለበሰችም፤ የሕሙማን ልብስ ነበር የለበሰችው አለኝ። ተሳስተሃል አልኩት። ተሳስቷል?

ወንድምሽ


ኅዳር 12

ጋሼ፣

አልተሳሳተም።

ካለፈው ዓመት በፊት ነበር። ቀኝ ጡቴን አወጡት። ከዚያ መድኃኒቱ መጣ፤ ፀጉሬ ሄደ፤ ፀጉሬ ተመለሰ። አሁን በየጊዜው እየሄድኩ እመረመራለሁ፤ ያለፈው ምርመራ ንጹሕ ነው። ይህን እጽፍልሃለሁ እያልኩ ስንት ጊዜ ስለ አየሩና ስለ ኪራይ ቤቴ ጽፌልሃለሁ። በዚያ ሁሉ ውስጥ ያልጻፍኩት ይህንኑ ነበር።

ለምን ደበቅሽን እንዳትለኝ አስቀድሜ ልመልስ። ከማኅበሩ ወጥታ ሌላ ያገባችውን የመዘምራን መሪ ታስታውሳለህ? ልጇ ሲታመም በዚያ ቤት ከመቀመጫ መቀመጫ ምን እንደተባለ ታስታውሳለህ? «የአምላክ እጅ አገኛት» አሉ። ስለ ልጁ ትኩሳት የጠየቀ አልነበረም። እኔም ብታመም ስብከት እንደምሆን አወቅሁ። እማዬ በእሑድ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ በሰው ፊት ስለ እኔ ስትሰማ ታየችኝና ዝም አልኩ። አንተን ደግሞ ከሁለት ወገን መካከል ማስቀመጥ አልፈለግሁም፤ ሁልጊዜም እዚያ ነህና።

ወደ ሥራ ስመለስ ችግሩ መስተዋቱ ነበር። የእኛ ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ መስተዋት ነው፤ የሚለማመዱት ሰዎች አረማመዳቸውን እንዲያዩበት። ሽርጤን እስከ አንገቴ አስሬ፣ ጎኔን ለመስተዋቱ ሰጥቼ ነበር የምሠራው። ሌላውን «እየው» እያልኩ እኔ አላይም። አንድ ቀን ጠዋት፣ ሠራተኞቹ ሳይገቡ፣ ሽርጡን ፈታሁና ቆምኩ። እጄን ጠባሳው ላይ አሳረፍኩ። «ደኅና አደርክ» አልኩት። ጋሼ፣ እንዴት እንዳሳፈረኝ! እንዴት እንዳሳቀኝ! አሁን ሳስበው ሾፌሩ ትክክል ነበር፤ ቢመልስልኝ ምን ልል ነበር? ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። ካለቀስኩ በኋላ ግን የቆምኩባቸው እግሮች የራሴ ነበሩ።

ራስን መውደድ የሚሉት ነገር ትዕቢት ይመስለኝ ነበር። በአባባ ቤት እንዲያ ነው ያደግነው። አሁን ሳየው፣ ሲያሳድዱት የኖሩትን እንግዳ ግባ ማለት ነው። አምላክ ከሠራኝ፣ የሠራውን በፊቱ ማዋረድ እሱን ማክበር አይመስለኝም። ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለኝም።

ለእማዬ መንገሩን ወይም አለመንገሩን ለአንተ ትቻለሁ። ሰብሳቢነትህን ተወውና እንደ ልጇ ወስን።

እህትህ


ኅዳር 20

እህቴ ሆይ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ቁጭ ብዬ የምጽፈው ሁሉ ንግግር እየሆነ አስቸገረኝ። ዛሬም አጭር ይሆናል። ያን ሁሉ ሕመም ብቻሽን ማሳለፍሽ ያንገበግበኛል። ለምን ብቻዋን አለፈች ብሎ መጠየቅ ደግሞ የእኔ ፈንታ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ለእናታችን ነገርኳቸው። ከዚያ የመመለሻውን ቃል ማለት አለመፈለግሽንም ነገርኳቸው፤ ከእንግዲህ ምን እደብቃለሁ? ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«እኔ የወለድኩትን፣ እኔ ያጠባሁትን፣ ከንቱ ነኝ በይ ብሎ የሚያዛት ማነው?» አሉኝ።

«ሥርዓቱ ነው፣ እናቴ።»

«ሥርዓቱ አምጧል እንዴ?»

አክስታችን ከወንበራቸው ሆነው «አላማጠም» ብለው መሰከሩ።

በማግሥቱ እናታችን በስማቸው ለሽማግሌዎቹ ጥያቄ አቀረቡ፤ ልጃቸው ያለ መመለሻው ቃል የስንብቱን ንግግር እንድታደርግ እንዲፈቀድላት። ጉባኤው በመጪው ሳምንት ይቀመጣል። የሰዉን ሐሳብ እንደማውቀው ከሆነ ድምፁ እኩል ይከፈላል። እኔና ምክትሌ በመደበኛው ድምፅ አሰጣጥ አንሳተፍም፤ እኩል ሲሆን ግን በወንበሩ ላይ ያለው ሰው ይወስናል። በሌላ በኩል፣ በጉዳዩ ላይ መናገር የሚፈልግ ሰብሳቢ ወንበሩን ለምክትሉ መልቀቅ አለበት፤ ከለቀቀ በዚያ ጉዳይ ድምፅ የለውም። ሽማግሌዎቹ የእኔን ውሳኔ አስቀድመው ያወቁት ይመስላቸዋል። ደንቤን ያውቃሉና።

ትናንት ከመካከላቸው አንዱ ስለ ሕመምሽ ሰምቶ ያን የፈራሽውን ቃል ሲናገር በጆሮዬ ሰማሁ። ምን እንደማደርግ አትጠይቂኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ወደ ስብሰባ የምገባው መውጫውን አውቄ ነበር፤ ይህንን ግን አላውቀውም።

ወንድምሽ


ኅዳር 26

ጋሼ፣

አሸንፍልኝ አልልህም። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ልበልህና ልተውህ፤ የምትወስነውን ሁሉ፣ ለእኔ ብለህ ሳይሆን ነገ ጠዋት ፊትህን ስትታጠብ መስተዋቱን እንዳትሸሸው ብለህ ወስን።

የጉዞ ትኬቴን ቆርጫለሁ። ቢፈቅዱ እገባለሁ፤ ባይፈቅዱ በር ላይ እቆማለሁ። ሾፌሩ ለምን እንደምሄድ ሲሰማ «በር ላይ መቆምን ለእኔ ተይው፤ ዕድሜዬን መጋዘን በር ላይ ተራ ስጠብቅ ነው የኖርኩት» አለኝ። አሁን ያለ ድጋፍ ይራመዳል። ጠዋት ጠዋት ለእግሩ ምን እንደሚለው ብጠይቀው «የቤተሰብ ምሥጢር ነው» ብሎ ከለከለኝ።

እማዬ ምን ይዤላት እንድመጣ እንደምትፈልግ ጠይቃት። ራሴን ብቻ ካለች አላምንህም፤ ደግመህ ጠይቃት።

እህትህ


ታኅሣሥ 3

ለተወደድሽው እህቴ፣

ይህ ደብዳቤ አንቺ ሳትነሺ እንዲደርስሽ በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ።

ተሸንፈናል። ያሸነፉንም በእኔ ምክንያት ነው፤ እንዴት እንደሆነ ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።

ጉባኤውን እንደ ወትሮው ከፈትኩ። አንዱ ተነሥቶ ተናገረ፤ ሌላው ቀጠለ። የመናገሪያ ተራ ስሰጥ ቆይቼ፣ አንደበቴ ሳላስበው «ወንበሩን ለምክትሌ እለቃለሁ» አለ። ፋርማሲስቱ ወደ ወንበሩ ሲያልፉ በጆሮዬ «ይህን ካደረጉ ድምፅ አይኖርዎትም፤ ያውቃሉ አይደል?» አሉኝ። «አውቃለሁ» አልኩ። ከወለሉ ቆሜ ያልኩትን እንደማስታውሰው ልጻፍልሽ።

«ዛሬ የምናገረው የማንም ሰብሳቢ ሆኜ አይደለም፤ የእናቴ ልጅ ሆኜ ነው። እህቴ የሰው እጅ ሳይደግፋት ከሞት ጫፍ ተመልሳለች። የሌሎችን ውድቀት ለማቆም ስትደክም ትውላለች። ይህችን ሴት ከንቱ ነኝ እንድትል አልጠይቃትም። ቃሉ መድኃኒት ነው ይባላል። ይሁን። ለትዕቢተኛ የታዘዘ መድኃኒት ለቆሰለ ሰው ሲሰጥ ምን እንደሚሆን፣ በወንበሩ ላይ ያሉት ወንድማችን ከሁላችንም ይልቅ ያውቁታል።»

ፋርማሲስቱ ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው ሰበሩ። ንግግሬ አንድ ሰው እንኳ ከዚያኛው ወገን ያመጣልኛል ብዬ ተማምኜ ነበር። በንግግር የኖረ ሰው ንግግሩን አብዝቶ ያምናል። አንድም ሰው አልመጣም፤ ድምፁ እኩል ተከፈለ። ፋርማሲስቱ ተነሡ። «ድምፅ እኩል ሲሆን ሰብሳቢ ነገሩን ባለበት ይተወዋል። ከእርስዎ ነው የተማርኩት» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ምጸት አልነበረም። ምጸት ቢኖርበት ይቀልልኝ ነበር።

ዝም ብዬ ወንበሬ ላይ ብቀመጥ ኖሮ ውሳኔው በእጄ ነበር። ከአዳራሹ እስከ ቤት ይህችን እያኘክሁ መጣሁ።

ለእናታችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። «ያልከውን እንደገና በለው» አሉኝ። ደገምኩት። «አባትህ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም» አሉ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልጠየቅኋቸውም። ከዚያ እንዲህ ብለው ወሰኑ፤ «እንግዲያው ከዚሁ ከቤቴ ሸኙኝ። እናንተን ወደዚህ ዓለም ያመጣኋችሁ በዚህ ክፍል ነው፤ እኔም ከዚህ እወጣለሁ። የሚመጣ ይምጣ፤ ጫማ ማውለቂያውን ብቻ ጠረግ አድርጉት።»

ምን ላምጣልሽ ለሚለው፣ ደግሜ ጠየቅኋቸው። ቶሎ ትምጣ ነው የሚሉት። እኔም የምጨምረው የለኝም። ቶሎ ነይ።

ወንድምሽ


የካቲት 9

ጋሼ፣

በሰላም ደርሻለሁ። የአውሮፕላኑ ወንበር ጠባብ ነበር፤ ጎረቤቴ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ መጣ፤ አልቀሰቀስኩትም። ወደ ሥራ ገብቻለሁ። ክፍሉ ያው ነው። እኔ ግን ያው መሆን አለመሆኔን ገና አልመረመርኩም።

በስንብቱ ቀን በእማዬ ራስጌ ቆሜ ያልኩትን በጽሑፍ እንድልክልህ ጠይቀኸኛል። አልልክልህም። ሳትሰማ ቀርተህ አይደለም፤ አጠገቤ ነበርክ፣ ሰምተሃል። ካልጻፍኩት ትረሳዋለህ ብለህ ነው የፈራኸው። ከረሳኸው ይረሳ። ለእሷ የተባለ ነበር፤ ይዛው ሄዳለች።

አብረናት የነበርንባቸውን እነዚያን የመጨረሻ ቀናት ግን አልረሳም። «ጠባሳሽን አሳይኝ» ስትለኝ አንተ ከክፍሉ ወጥተህ ነበር። እጇን አሳርፋ ብዙ ቆየች። ምን እንዳለች እሱንም አልነግርህም። ሾፌሩ እንደሚለው፣ የቤተሰብ ምሥጢር ነው፤ አንተም ቤተሰብ ነህና አንድ ቀን እነግርህ ይሆናል።

ፋርማሲስቱን ተቀይመሻል ወይ ላልከኝ፣ በስንብቱ ቀን ከክፍሉ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ወደ ውስጥ አልገቡም፤ ወደ ቤታቸውም አልሄዱም። ውሃ ሰጠኋቸው። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው «አመመሽ እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። «አሞኝ ነበር» አልኳቸው። «ምን ሰጡሽ?» አሉና የመድኃኒቶቹን ስም አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ አለቀሱ። ከዚያ ጸሎት ቤት ሰዎች ስለ ትኩሳቱ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ሆኑ። ቂም የት ላስቀምጥ?

ሰብሳቢነቱን መተውህን አክስታችን በስልክ ነገረችኝ። አሁንስ ወደዚያ ትሄዳለህ? ብትሄድም ብትቀርም አልፈርድብህም፤ ብቻ ማወቅ እፈልጋለሁ።

እህትህ


የካቲት 24

ለተወደድሽውና ለተከበርሽው እህቴ፣

አሁን የዚህ ቤት ታላቅ በሆኑት በአክስታችን ስም ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ማዕረጉ ሲደርሳቸው አልተደሰቱበትም። «ከእህቴ በታች መሆን ይሻለኝ ነበር» ብለው ሾርባውን ወደ እኔ ገፉት።

የእናታችንን ክፍል መስኮት ጠዋት ጠዋት እከፍታለሁ። ወንበሩ ላይ ትንሽ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የማውቃቸውን ጸሎቶች በተራ ስል ቆየሁ፤ ከዚያ አለቁብኝ። ካለቁ በኋላ መቀመጤን ቀጠልኩ። እስከ ዛሬ አምላክን የማውቀው እንደ ሰብሳቢ ነበር፤ ተራ ይሰጣል፣ ሰዓት ያያል፣ ደንብ ያስከብራል። በራሴ አምሳል ሠርቼው ኖሯል። በዚያ ክፍል ግን ተራ የሚጠብቅ የለም። ምን አምናለሁ ብለሽ በካርድ ለጠየቅሽኝ መልሴ ገና ሙሉ አይደለም፤ ጅማሬው ግን ይኸው ነው፤ ሳልናገርም እሱ የሚያዳምጠኝ ይመስለኛል።

ወደ ጸሎት ቤቱ እሄዳለሁ። አባታችን ያገለገሉበት ነው፤ ወዳጆቼ እዚያ ናቸው፤ መዝሙሩንም እወደዋለሁ። አሁን የምቀመጠው ከኋላ፣ ከቀያሹ አጠገብ ነው። በሥራ ዘመኑ የከተማውን መሬት ሲለካ የኖረው ቀልደኛ ወዳጄ ነው። «ከዚህ ሆነህ ስታየው መድረኩ ያንሳል፣ አይደል?» አለኝ በመጀመሪያው ቀን።

ባለፈው እሑድ ጉባኤው ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ተነሥቶ ያንኑ መካከለኛ ቃል፣ «እኔ ከንቱ ነኝ» የሚለውን፣ በአንድ ድምፅ የሚልበት ዕለት ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለው ኖሬአለሁ፤ ብዙ ጊዜም መርቼዋለሁ። ፋርማሲስቱ ከመድረኩ ጀመሩት። ሰው ሁሉ ተቀበላቸው። እኔ ቆሜአለሁ፤ አፌ ግን ተዘግቷል።

ቀያሹ በክርኑ ጎሰመኝ። «ሰው ያይሃል! አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ። በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል ማን ይሰማሃል?»

«እኔ እሰማለሁ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ወደ ፊት ዞረ። ከዚያ በኋላ እሱ ቃሉን ይበል አይበል አላውቅም። ጉባኤው እስኪጨርስ እዚያው ቆሜ ጠበቅሁ። ማንም አላስወጣኝም። እኔም አልወጣሁም።

እህቴ ሆይ፣ በዚህ ዕድሜዬ የገዛ ድምፄን እስክሰማ ድረስ ስለታገሥሽኝ ከልብ አመሰግንሻለሁ። በእጅሽ የሚቆሙ ሁሉ ጸንተው እንዲራመዱ፣ የምርመራሽ ውጤት ሁሉ መልካም እንዲሆን፣ የያዝሽው ሥራ እንዲሰምርልሽና ዕድሜሽ እንዲረዝም በታላቅ አክብሮት እመኝልሻለሁ።

ወንድምሽ